ከመቶ ሃያ ስምንቱ እነማን ናቸው? በነጻ የሚያገለግለው ማነው፣ እኛስ ለምን ከቁጥር ጎደልን?

ዛሬ ፖለቲካውን ትንሽ ጋብ አድርገን ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ግን ቁጭ ብለን ስላላሰብንበት ነገር እናውራ። ቪዲዮ ላይ ቁጥር ስደረድር መስማት ስለሚያሰለች በጽሁፍ ይሻላል ብዬ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ፣ ወይም እንደኔ ኤርፖርት ታክሲ ተራ ወረፋ ስትጠብቁ አንድ አባባል አይጠፋም። «ፈረንጅ በነጻ ያገለግላል፤ ሀበሻ ግን ካልተከፈለው እጁን አያነሳም» ይባላል። የሚገርመው ይህን የሚለው ሰው ራሱ ትናንት ማታ ሟች ቤት ወንበር ሲደረድር ያመሸ ነው። ታዲያ አባባሉ እውነት ነው ወይ? እስቲ በቁጥር እንየው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

አሜሪካ ውስጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በዝም ብሎ ግምት አይነገርም፤ ይቆጠራል። የህዝብ ቆጠራ መስሪያ ቤቱ በየወሩ ወደ 60 ሺህ ቤተሰብ የሚጠይቅበት አንድ ትልቅ ጥናት አለው። የስራ አጥነት ቁጥር የሚወጣውም ከሱ ነው። ከ2002 ጀምሮ እዚያ ላይ የበጎ ፈቃድ ጥያቄ ተጨምሮበታል። ይህን ስራ ከቆጠራ መስሪያ ቤቱ ጋር ሲሰራ የቆየው አሜሪኮርፕስ የሚባለው የመንግስት ተቋም ነው።

በ2019 ከመቶ 30 ሰው በአንድ ድርጅት በኩል በነጻ አገልግያለሁ ብሎ ነበር። ከዚያ ኮቪድ መጣ። በ2021 ቁጥሩ ወደ 23.2 ወረደ፤ ጥናቱ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ መውረድ ታይቶ አያውቅም። በ2023 ደግሞ ትንሽ አገግሞ 28.3 ደረሰ። በሰው ሲቆጠር 75.7 ሚሊዮን ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች በዓመቱ ውስጥ 4.99 ቢሊዮን ሰዓት ሰጡ፤ ዋጋው 167.2 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተገመተ።

ሂሳብ እንስራበት። ሰዓቱን ለሰው ብናካፍለው ለአንድ ሰው በዓመት 66 ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ በሳምንት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ዶላሩን ለሰዓት ብናካፍለው ደግሞ አንድ የበጎ ፈቃድ ሰዓት 33 ዶላር ተኩል ገደማ ተተመነ ማለት ነው። በቀስታ ቀን እኛ ሾፌሮች ቤንዚንና ኢንሹራንስ ተቀንሶ እሱንም አናገኝም!

እንግዲህ መጀመሪያ ልብ በሉ፤ «ፈረንጅ በነጻ ያገለግላል» ሲባል ከመቶ 28ቱን ነው። 72ቱ በዚያ ዓመት በድርጅት በኩል ምንም አላደረጉም። አገሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዩታ ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ እዚያ የሞርሞን ቤተክርስቲያን አባላት ብዙ ናቸው፤ ቤተክርስቲያናቸውም ለእያንዳንዱ አባል የሚሰራው ነገር ይሰጠዋል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥያቄው እንዴት ነው የሚጠየቀው?

ቁጥር ስታዩ ሁልጊዜ «ምን ብለው ጠይቀው ነው?» በሉ። እዚህ ላይ ጥያቄው ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ በድርጅት በኩል ወይም ለድርጅት በነጻ ያገለገልከው ነገር አለ ወይ የሚል ነው። ሰው ይረሳል ብለው ሁለተኛ ይጨምራሉ፤ አልፎ አልፎ ያደረግከው፣ ለልጆችህ ትምህርት ቤት የሰራኸው ነገርስ? ይላሉ።

ከዚህ ሌላ ደግሞ በድርጅት በኩል ያልሆነውን ለብቻው ይጠይቃሉ። ለጎረቤት ልጅ መጠበቅ፣ እቃ ማዋስ፣ መልእክት መሄድ፣ ቤት መጠበቅ። ይህንን አደርጋለሁ የሚለው ሰው ከግማሽ በላይ ነው።

አሁን ወደኛ እንምጣ። አንዲት እህታችን አርብ ማታ ለቅሶ ቤት 40 ሰው የሚበላው ወጥ ሰርታ ትወስዳለች። ቅዳሜ አዲስ የመጣ ልጅ ይዛ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ፎርም ትሞላለታለች። እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ፊደል ታስተምራለች። ሰኞ አንዱ ስልክ ደውሎ «ቮለንቲየር ታደርጊያለሽ?» ቢላት ምን የምትል ይመስላችኋል? «ኧረ እኔ ጊዜ የለኝም!» ነው የምትለው።

ለምን? በኛ ቋንቋ ለቅሶ መድረስ አገልግሎት አይባልም፤ ወግ ነው፣ ግዴታ ነው፣ ሰው መሆን ነው። እድር መክፈልና እድር ላይ መስራት ለነገ ለራስህ ነው። የቤተክርስቲያን ስራ ለጽድቅ ነው፤ መስጊድ ለኢፍጣር ማብሰል ለአጅር ነው። ቮለንቲየር የሚባለው በኛ ጭንቅላት ውስጥ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ መናፈሻ ውስጥ ላስቲክ የሚለቅም ፈረንጅ ነው። በጥናቱ አቆጣጠር ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር ይቆጠራል። ስም ባለው እድር ውስጥ ጸሀፊ ሆኖ መስራት ይቆጠራል። እንዲያውም በ2015 በተሰራው ጥናት ከበጎ ፈቃደኞቹ አንድ ሶስተኛው በዋናነት የሚያገለግሉት በሀይማኖት ተቋም ውስጥ ነበር፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ስለዚህ ሀበሻ አያገለግልም የሚለው አባባል የቃል ችግር አለበት። የምናደርገውን ስም አልሰጠነውም። በታተመው ሪፖርት ውስጥም ቢሆን «ኢትዮጵያዊ» የሚል ረድፍ የለም፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ እስያዊ፣ ሂስፓኒክ ተብሎ ነው የሚከፈለው። በ2015 ነጮች 26.4፣ ጥቁሮች 19.3፣ እስያውያን 17.9፣ ሂስፓኒኮች 15.5 ከመቶ ነበሩ። እኛ ከ19.3ቱ ውስጥ ተጨፍልቀን ገብተናል።

ጊዜ ያለው ነው የሚያገለግለው?

ብዙ ሰው «ስራ የበዛበት ሰው እንዴት ያገለግላል?» ይላል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያሳየው። በዚያው በ2015 ስራ ካላቸው ሰዎች ከመቶ 27ቱ ሲያገለግሉ ስራ ከሌላቸው 23ቱ ናቸው ያገለገሉት። ልጅ የሌለው ነጻ ጊዜ አለው አይደል? ከ18 ዓመት በታች ልጅ ያላቸው ከመቶ 31፣ የሌላቸው ደግሞ 23 ገደማ ነበሩ። በትምህርት በኩል ልዩነቱ ይብሳል፤ ዲግሪ ያላቸው ከመቶ 39 ገደማ፣ ሃይስኩል ላይ ያቆሙ 16 ገደማ።

ይህ ምን ይነግረናል? ዲግሪ ሰውን ደግ ስለሚያደርግ አይደለም። ስራ ያለው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ስብሰባ የለመደ ሰው ከብዙ ሰው ጋር ይገናኛል፤ ስለሚገናኝም «እስቲ ይህን አግዘን» ይባላል። ከአገልጋዮቹ ከ10 ሰው 4ቱ ገደማ የገቡት ሰው ጠይቋቸው ነው። አለመጠየቅ ብዙ ሰው ከውጭ ያስቀራል።

ጀርመን ያላችሁም ተመሳሳይ ነገር ታያላችሁ። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ14 ዓመት በላይ ከሆነው ህዝብ ከመቶ 39.7 ያገለግላል። የስደት ታሪክ የሌለው 44.4፣ የስደት ታሪክ ያለው ግን 27 ነው። ስደተኛው ሰነፍ ነው ማለት ነው? አይደለም። የመንደሩ የእሳት አደጋ ክበብ፣ የኳስ ክበብ፣ የወላጆች ማህበር ውስጥ ማንም ና አላለውም፤ ቋንቋውም ያስፈራል።

«የውዴታ ግዴታ»

ከኛ ታሪክ የመጣ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ደቦ፣ ወንፈል፣ ጂጌ የሚባሉትን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰው እህሉ ሲደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ ያጭድለታል፣ ነገ ደግሞ እሱ ይሄዳል። ማንም «ተመዝገብ» አይልህም። በሌላ በኩል ደግሞ መንግስት በጎ ፈቃድ ብሎ የጠራውን ነገር እናውቃለን። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በህብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ማይም በማስተማር፣ ገበሬ በማደራጀት ትልቅ ስራ የሰሩ ነበሩ፤ ግን ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ የቀበሌ ዘመቻው፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ... ህዝቡ ስም አወጣለት፤ «የውዴታ ግዴታ» አለው።

ታዲያ እኛ እዚህ መጥተን አንድ ሰው ወረቀት ይዞ «በጎ ፈቃደኛ እንመዘግባለን» ሲለን ወደ ኋላ ብንል ምን ይገርማል? ወረቀቱን ነው የምንሸሸው። ስራውንማ ከማንም በላይ እንሰራዋለን።

ሁልጊዜ እነዚያው ሶስት ሰዎች

ይህን ሁሉ ስል ግን ራሳችንን ለማባበል አይደለም። ችግር አለብን፣ ትልቅ ችግር።

እዚህ ዲሲና አካባቢው የማውቀው አንድ ማህበር አለ፤ ስሙን አልጠራም። አባሉ ብዙ መቶ ነው። ስራውን የሚሰሩት ግን ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዥዋና አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲሞት ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ ፎርሙን የሚሞሉት፣ ከቀብር አስፈጻሚው ጋር የሚደራደሩት፣ አየር መንገዱ ጋ የሚደውሉት እነሱ ናቸው። እነሱ ደግሞ እድሜያቸው ገፍቷል። ነገ እነሱ ሲሞቱ ማን ሊደውል ነው? እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን እድር ማለት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እኛም አላሳየናቸውም።

እንበል አንድ ማህበር 300 አባል አለው። 15 ሰው ይሰራል። ከመቶ 5 ማለት ነው። እነዚያ 15 ሰዎች በዓመት 200 ሰዓት እየሰሩ ከሆነ ድምሩ 3,000 ሰዓት ነው። ስራው በ300ው ቢካፈል ግን ለአንድ ሰው በዓመት 10 ሰዓት ብቻ ይደርሳል። ሁለት ቅዳሜ ጠዋት! አባቶቻችን «50 ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለ50 ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንን ነው።

ታዲያ ሌላው ለምን አይመጣም? ከታክሲ መሪ ኋላ ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱ ነው። ስብሰባ ሁሉ ቅዳሜ ማታ ነው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ለሾፌር የሳምንቱ ትልቁ ገበያ ነው፤ የፓርኪንግ ሰራተኛው፣ ሬስቶራንት ያለችው፣ የ12 ሰዓት ሺፍት የገባችው ነርስ ማናቸውም አይመጡም። ከዚያ «አልመጡም፣ ግድ የላቸውም» ይባላል። ማክሰኞ ጠዋት ቢጠሩት ግማሹ ሾፌር ይመጣ ነበር።

ሁለተኛ አጠራሩ ነው። 400 ሰው ያለበት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «እርዳታ እንፈልጋለን» ተብሎ ይጻፋል። 400ው ሰው ያነበዋል፤ እያንዳንዱም ሌላው ይሄዳል ብሎ ያልፈዋል። ስልክ አንስቶ «አቶ እገሌ፣ እሁድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መኪናህን ይዘህ ና፣ ሁለት እናቶች ሀኪም ቤት የምታደርስ» ቢባል እምቢ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ዩታን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ እዚያ ሰውየው ስራ ፈልጎ አይመጣም፣ ስራው በስሙ ተቆርሶ ይሰጠዋል።

ሶስተኛ ሀሜቱ ነው። በኛ ማህበር አንድ ሰው ሁለት ዓመት ገንዘብ ያዥ ከሆነ «በላው» መባሉ አይቀርም። መድሀኒቱ ደግሞ ከባድ አይደለም፤ በየሶስት ወሩ ገቢና ወጪውን በአንድ ገጽ ለአባል ማሳየት፣ ቼክ ላይ ሁለት ሰው መፈረም፣ ስልጣኑን በጊዜ ገድቦ ማስረከብ። ታምኖ የሚወጣ ሰው ካለ የሚገባም አይጠፋም።

መቆጠር ምን ይጠቅማል?

«ለእግዚአብሔር ብዬ ያደረግሁትን ለምን እመዘግባለሁ?» የምትሉ አላችሁ። ለክብር አይደለም፤ ጥቅም ስላለው ነው።

አንደኛ፣ ልጆች። ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያለ ተማሪ ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት የአገልግሎት ግዴታ አለበት። ዲሲ የመንግስት ትምህርት ቤት 100 ሰዓት ነው። ልጆቻችን እነዚህን ሰዓቶች የትም ሄደው ይሞላሉ። ማህበራችን አስቀድሞ ካስመዘገበና ካስፈቀደ ግን ልጁ አማርኛ በማስተማር፣ ለእናቶች ኮምፒውተር በማሳየት፣ ምግብ በማደል ሊሞላው ይችላል። ሞንትጎመሪ ላይ አገልግሎቱ ሀይማኖታዊ ያልሆነ መሆን አለበት፤ ይህን ልብ በሉ። ልጅ ወደ ማህበር የሚመጣበት በር እየፈለግን ካልሆነ በቀር፣ ከዚህ የተሻለ በር የለም።

ሁለተኛ፣ ጤና መድን። በጁላይ 2025 የጸደቀው ህግ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ እድሜያቸው ከ19 እስከ 64 የሆኑ ብዙ የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች በወር 80 ሰዓት መስራታቸውን፣ መማራቸውን ወይም የማህበረሰብ አገልግሎት መስጠታቸውን እንዲያሳዩ ይጠይቃል። ነፍሰ ጡር፣ ህመምተኛ፣ ትንሽ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ነጻ ይሆናሉ። ስራ ያጣ ሰው በማህበራችን ቢያገለግልና ሰዓቱ በፊርማ ቢመዘገብለት ማስረጃ ይሆነዋል። ዛሬ መዝገብ የሌለው ማህበር ያን ጊዜ ለማንም ወረቀት ሊጽፍ አይችልም። ዝርዝሩን ከየስቴታችሁ ጠይቁ።

ሶስተኛ፣ ታክስ። የሰጣችሁት ሰዓት ከታክስ አይቀነስም። በራሳችሁ መኪና ለተፈቀደለት የበጎ አድራጎት ድርጅት ስትነዱ ግን በአንድ ማይል 14 ሳንቲም መቀነስ ይቻላል፤ ወጪያችሁን ዘርዝራችሁ የምታስገቡ ከሆነ ነው። ለስራ ሲነዳ በ2025 አንድ ማይል 70 ሳንቲም ነበር፤ ለበጎ ስራ ግን 14! ኮንግረስ ይህን ቁጥር በህግ ስላሰረው ቤንዚን ስንት ቢሆን ንቅንቅ አላለም።

አራተኛ፣ ድምጽ። ዲሲ በ2004 የቋንቋ አገልግሎት ህግ አወጣ። አማርኛ ዛሬ የመንግስት መስሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ህጉ የሚመለከተው ቁጥር ነው፤ ስንት ሰው ይህን ቋንቋ ይናገራል፣ ስንት ሰው አገልግሎት ፈልጎ ይመጣል የሚለውን። የትምህርት ቤት ወላጆች ማህበር ውስጥ፣ የካውንቲ ኮሚቴ ውስጥ አንድም ሀበሻ ከሌለ ስለኛ የሚወሰነው እኛ በሌለንበት ነው።

ሁለት ጥንቃቄ

አዲስ የመጣችሁ ልጆች፣ አንድ ሰው ሬስቶራንቱ ወይም ሱቁ ውስጥ «ለጊዜው ቮለንቲየር ሁን፣ ልምድ ታገኛለህ» ካላችሁ ንቁ። ለትርፍ የቆመ የግል ንግድ ሰራተኛን ቮለንቲየር ብሎ በነጻ ማሰራት በፌዴራል የሰራተኛ ህግ አይፈቀድለትም። የኛ ሰው ቢሆንም አይፈቀድለትም። ያ አገልግሎት አይባልም፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ነው።

አረብ አገር ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ፣ እናንተ የምትሰሩትን የሚቆጥር ጥናት የለም። በሳምንት አንድ ቀን እረፍት እያላችሁ፣ እሱም ከተገኘ፣ ከአሰሪ ቤት የወጣችን ልጅ ታስጠጋላችሁ፣ የሞተን ወገን ሬሳ ታስልካላችሁ። ግን ኤምሬትስንና ሳኡዲን ጨምሮ ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ በህግ ያስቀጣል። በዋትስአፕ «አዋጡ» ብሎ መጻፍም ጭምር ችግር ውስጥ ይከታል። ስለዚህ ገንዘቡ በፈቃድ፣ ለምሳሌ በተፈቀደለት ድርጅት በኩል ይሂድ። ጊዜና ጉልበት፣ ምግብና መጠለያ ግን ከናንተ በላይ የሚሰጥ የለም።

ምን እናድርግ?

የምትመሩት ማህበር ካለ በሚቀጥለው ወር አንድ ነገር ሞክሩ። አንድ ደብተር ክፈቱ። ማን ምን ቀን ስንት ሰዓት እንደሰራ ጻፉ፤ ወጥ የሰራችውንም፣ ሰው ያደረሰውንም። በዓመቱ መጨረሻ የሰሩትን ሰዎች ለአባላቱ አካፍሉት። ከመቶ ስንት እንደሆናችሁ ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ያልሰራውን ሰው አትውቀሱት፤ ስልክ ደውሉለትና ሁለት ሰዓት የሚፈጅ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ስራ በስሙ ስጡት። ሾፌር ከሆነ መንዳት፣ ነርስ ከሆነች የደም ግፊት መለካት፣ ሂሳብ የሚያውቅ ከሆነ ደብተሩን ማየት።

አባል ብቻ የሆናችሁ ደግሞ እስክትጠሩ አትጠብቁ። ለሊቀመንበሩ ደውላችሁ «ማክሰኞ ጠዋት ነጻ ነኝ፣ ምን ላግዝ?» በሉ። እመኑኝ፣ ሰውየው ደንግጦ ስልኩ ከእጁ ይወድቃል።

የናንተ ማህበር ከመቶ ስንት ይሰራል? አስሉና ጻፉልኝ፤ የሚጠቅም ዘዴ ያገኛችሁም ካላችሁ በሚቀጥለው ቪዲዮ አነሳዋለሁ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።